ሳናጣራ ያስተላለፍናት የድምፅ መልእክት



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አራት ዓመት ዘግይተናል። ብዙ ጊዜ ጀምረን ትተነዋል። አንዴ «ሰው ምን ይለናል?» ብለን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የቤተሰቡን ቁስል መነካካት ይሆናል» ብለን። በቅርቡ የልጁ እናት ራሷ «ጻፉት፣ ሌላዋ እናት ትማርበት» አለችን። ስሟንም የልጇንም ስም አንጠቅስም፤ የከተማችንም ስም ይቅር።

እኛ በወሎ በአንዲት ከተማ የመስጂድ ኢማም ረዳት ነን። ኢማማችን ሲያማቸው ወይም መንገድ ሲወጡ እናሰግዳለን፤ ከዐስር በኋላ ሕፃናትን እናቀራለን፤ ኒካሕ ሲኖር መዝገብ እንይዛለን። ዕድሜያችን ሠላሳዎቹን አጋምሷል። በመድረሳ ያደገ ሰው «እኔ» ማለት ስለሚከብደው ነው «እኛ» የምንለው እንጂ ጥፋቱን ለሌላ ለማካፈል አይደለም። ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የድምፅ መልእክት ነው። ከሱብሒ ሶላት ወጥተን ስልካችንን ስንከፍት አንድ የመድረሳ ጓደኛችን በቴሌግራም ልኮልናል። ከአራት ደቂቃ ትንሽ ትበልጣለች። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይናገርም። ግን ንግግሩን በሐምድና በሶለዋት ይጀምራል፣ ዐረብኛው የጠራ ነው፣ ድምፁም የሚያስለቅስ ነው። እንዲህ ይላል፦ የኩፍኝ ክትባት ሴት ልጆችን መኻን ያደርጋል፤ የወንዶቹን አእምሮ ይነካል፤ የተከተበ ልጅ ያተኩሰዋል፤ በውስጡ የአሳማ ነገር አለበት፤ ለሙስሊም ልጅ ጥቁር አዝሙድና ማር ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ «ይህን ሰምቶ ያላስተላለፈ አላህ ፊት ይጠየቅበታል» ብሎ ይዘጋል።

እኛም አስተላለፍናት። ለመስጂዱ ጀመዓ ግሩፕ፣ ለእናቶች ግሩፕ፣ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ያስተላለፍነው ክፉ አስበን አይደለም፤ ኸይር የሠራን መስሎን ነው። ግን ስለ ኩፍኝም ሆነ ስለ ክትባት የምናውቀው ነገር አልነበረም። ያመነው ነገሩን አጣርተን ሳይሆን ድምፁ የኛን ሰው ስለሚመስል ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ከመስጂዱ በር ላይ ጠበቀችን። የዘጠኝ ወር ወንድ ልጅ በጀርባዋ አዝላለች። ባሏ ሳዑዲ ነው፣ በሹፍርና ሥራ። ማታ በኢሞ ደውሎላት ስለ ክትባቱ ተነጋግረው፣ «ኡስታዙን ጠይቂ፣ እሱ ያለሽን አድርጊ» ብሏታል። በማግስቱ የልጁ የክትባት ቀን ነበር። «ላስከትበው ወይስ ልተወው?» አለችን።

እኛም አንዲት ቃል መለስንላት። «ይቆይ» አልናት።

ለደረሶቻችን ኢማሙ ማሊክ በዚያ ሁሉ ዕውቀታቸው ለብዙ ጥያቄ «አላውቅም» ብለው ይመልሱ እንደነበር እናስተምራለን። የዚያን ቀን «እኛ ይህን አናውቅም፣ ጤና ጣቢያ ጠይቂ» ብንል ምን ይጎድልብን ነበር? ምንም። ግን ሰው ሲጠይቀን ባዶ እጁን መመለስ አፍረን ነበር። «ይቆይ» ማለት ጥንቃቄ መሰለን። መከልከል መሆኑ የገባን ኋላ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ኩፍኝ ሰፈራችን ገባ። ልጁ መጀመሪያ አተኮሰው፣ አሳለው፣ ዓይኖቹ ቀሉ፣ እንባ አቀረሩ። በአራተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባ የጀመረው ሽፍታ ፊቱን ሞላና ወደ ሰውነቱ ወረደ። ቤተሰቡ እንደ ድሮው አደረገ። መስኮቱ በወፍራም ጨርቅ ተጋረደ። ሽታ እንዳያገኘው ቡና መቁላት ቆመ። «ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል» ስለሚባል ሐኪም ቤት የሚለውን ሐሳብ ያነሳ አልነበረም። ልጁ ጡት መጥባት እያቃተው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ዓይኖቹ በመግል ተጣብቀው አንድ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የእናቲቱ ወንድም ከገጠር መጥቶ፣ የተጋረደውን ጨርቅ ቀዶ፣ ልጁን ታቅፎ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሮጠ።

ልንጠይቀው ስንሄድ የሕፃናት ሐኪሟን አገኘናቸው። አርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ በሂጃባቸው ላይ ነጭ ጋዋን የደረቡ እህት ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለለመኑን «ዶክተሯ» እንላቸዋለን። ልጁ ኦክስጅን ተደርጎለታል። ኩፍኙ የሳንባ ምች አስከትሎበታል፤ የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ ቁስል ወጥቷል። ዶክተሯ ቫይታሚን ኤ ዛሬና ነገ በተከታታይ እንደሚሰጠው፣ ዓይኑን ግን ለማትረፍ ቶሎ አለመምጣቱ እንደሚያሰጋቸው ነገሩን። ከዚያ የክትባት ካርዱን ገለጥ አድርገው ወደ እናትየዋ ዞሩ። «የዘጠኝ ወሩን ለምን አላስከተብሽውም እህቴ?» አሏት።

እናትየዋ ዝም አለች። ወለል ወለሉን ታያለች። እኛ አጠገቧ ቆመናል። ስማችንን ብትጠራ መብቷ ነበር፤ አልጠራችም። ገበናችንን ሸፈነችልን። ወላሂ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የከበደን ዝምታ የለም። ይቆይ ያልናት እኛ መሆናችንን፣ የድምፅ መልእክቷንም የበተንነው እኛ መሆናችንን ለዶክተሯ ተናገርን።

ይቆጣሉ ብለን ነበር። አልተቆጡም። «ኡስታዝ፣ ድምፁ ስልክዎ ላይ አለ? ያሰሙኝ» አሉ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አራቱንም ደቂቃ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሦስት ቦታ ከፈሉት። በአንዱ «እውነት»፣ በሁለተኛው «ውሸት»፣ በሦስተኛው «ለዑለማ» ብለው ጻፉበት።

«የተከተበ ልጅ ያተኩሰዋል» የሚለውን ከእውነቱ ስር አስገቡት። «እውነት ነው፤ ከክትባቱ አንድ ሳምንት አካባቢ ቆይቶ አንዳንድ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ትንሽም ሽፍ ሊልበት ይችላል። ቀለል ያለ ነው፣ በጥቂት ቀናት ይሄዳል። ይህን አስቀድመን ለእናቶች ካልነገርን ትኩሳቱን ሲያዩ ወሬው እውነት ይመስላቸዋል» አሉ። መካንነትና አእምሮ የሚለውን ከውሸቱ ስር ጻፉት። የአሳማውን ከሦስተኛው ስር። «አንዳንድ አምራቾች ክትባቱ እንዳይበላሽ ጄላቲን ይጨምሩበታል፣ አንዳንዱም ጄላቲን ምንጩ አሳማ ነው። ይህን አልደብቅም። ሑክሙ ግን የኔ ሙያ አይደለም፤ የናንተ ነው» አሉ። እኛ ለአራት ደቂቃ ሙሉ አምነን የሰማነውን እሳቸው በአንድ ወረቀት ላይ ለያይተው አስቀመጡት። ከዚያ በፊት አንድን ወሬ እንዲህ ለያይቶ ማየት እንደሚቻል አስበንም አናውቅ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁን። «እኔ በቀን ሃምሳ እናት አገኝና ለእያንዳንዷ ሁለት ደቂቃ አለኝ። እናንተ ግን ያላችሁት ቦታ ላይ እኔ የለሁም። አንድ ሰዓት ስጡኝ» አሉ።

ኢማማችን ፈቀዱ። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ በሴቶች በኩል ሆነ። መጋረጃው እንዳለ ነው፤ እኛ ከወዲህ ሆነን ማይክሮፎን እናስተካክላለን፣ በወረቀት የመጡ ጥያቄዎችን እናነባለን። የዶክተሯን አመላለስ የተማርነው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን ነው።

መጀመሪያ የተነሳው የመካንነቱ ነገር ነው። ዶክተሯ አልሳቁም፤ «ውሸት ነው» ብለውም አልጀመሩም። «ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ላውራችሁ» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖና በአንዳንድ ክልሎች፣ የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሳ። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ካኖ ማጅራት ገትር ሲገባ አንድ ትልቅ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ በሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት ሞክሮ፣ በሙከራው ከገቡት ልጆች የሞቱ ነበሩ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ጊዜ የተበደለ ሕዝብ መጠርጠሩ አይገርምም። ግን ጥርጣሬው የወደቀው በሌላ ነገር ላይ፣ በሁለት ጠብታ የፖሊዮ ክትባት ላይ ነበር። ካኖ ክትባቱን ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አቆመች። ክትባቱ ተመረመረ፣ በመጨረሻም የሙስሊም አገር ከሆነችው ከኢንዶኔዥያ የተሠራ ክትባት መጥቶ በ2004 ሐምሌ ላይ ቀጠለ። በመሃሉ ግን ቫይረሱ ከናይጄሪያ ወጥቶ ወደ 20 የሚጠጉ አገሮች ገባ። ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን ወደኛ አገር ተሻገረ፣ የመን ደረሰ፣ ኢንዶኔዥያ ድረስ ሄደ። «በካኖ የተወራ ወሬ የኢትዮጵያን ልጅ እግር ይዞ ሄደ» አሉ ዶክተሯ። «ያ ክትባት ያመክናል የተባሉት ሴቶች ዛሬ እናቶች ናቸው። የአፍሪካ አህጉርም ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በ2020 ተመሰከረ፤ ያ የሆነው እነዚያው የናይጄሪያ ኢማሞችና እናቶች ስላስከተቡ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ «የአእምሮውስ ነገር? ኦቲዝም ያመጣል ይላሉ» አለች። ዶክተሯ ይህን ከእንግሊዝ ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለ የሕክምና መጽሔት አወጣ፣ የኩፍኝ ክትባት ያለበትን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ። ኋላ አንድ ጋዜጠኛ ሲያጣራ ሰውየው የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከተዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር፣ የልጆቹም መረጃ እንደተዛባ ታወቀ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘ፣ ሰውየውም ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። በዴንማርክ በ2019 የታተመ ጥናት ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትሎ፣ የተከተበና ያልተከተበ ልጅ በኦቲዝም እንደማይለያይ አሳይቷል። «12 ልጅ አንድ በኩል፣ 650,000 ልጅ አንድ በኩል። እናንተ ምስክር የምትቀበሉት እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። ሐዲስ እንዴት እንደሚጣራ የተማርን እኛ ግን ከወዲህ ሆነን አልሳቅንም።

ቀጥለው የነገሩን የበለጠ ልባችንን ነካው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ክልል፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ብዙ የሱማሌ ወንድምና እህቶች ይኖራሉ። በ2004 ከሁለት ዓመት ልጆቻቸው 92 በመቶው የኩፍኝ ክትባት ወስደው ነበር። የኦቲዝም ወሬው ደረሳቸው፤ ዌክፊልድ ራሱም እዚያ ድረስ ሄዶ አነጋገራቸው። በ2014 የተከተቡት ወደ 42 በመቶ ወረዱ። በ2017 ኩፍኝ ገባ፣ 75 ሰው ታመመ፣ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሱማሌ ልጆች ነበሩ። ሐኪሞች፣ ኢማሞችና እናቶች ተያይዘው ቤት ለቤት ሕዝቡን ማስረዳት ነበረባቸው። «እነዚያ እናቶች ሞኞች አልነበሩም» አሉ ዶክተሯ። «ልጃቸውን የሚወዱ፣ በሰው አገር ያሉ፣ ለጥያቄያቸው በቋንቋቸው የሚመልስ ሐኪም ያጡ ናቸው። ሐኪም ዝም ሲል ቦታውን ሌላ ይይዘዋል።»

ስለ ኩፍኝ የነገሩንም ይኸው። ከሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት ነው። የታመመ ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው አጠገቡ ካሉ አሥር ሰዎች ዘጠኙን ይይዛል። ለዚህ ነው ከ100 ሰው 95ቱ ካልተከተበ የማይቆመው። ደግሞ ኩፍኝ ካለፈ በኋላም ሥራው አያልቅም፤ ሰውነት ለሌሎች በሽታዎች ያጠራቀመውን የመከላከል አቅም ያጠፋበታል። «ኡስታዝ፣ እንዳልደገመ ሐፊዝ ነው፤ የሐፈዘው ከልቡ ይጠፋል፣ እንደገና ከአሊፍ ይጀምራል» አሉ ወደ መጋረጃው ዞረው። ያን ቀን ከሰማነው ሁሉ ደረሶቻችን እስካሁን የሚያስታውሱት ይህን ነው።

ክትባቱ በኛ አገር በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ለምን እንደሆነም አስረዱ። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የወሰደው መከላከያ ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል፤ በነዚያ ወራት ክትባቱን ቢወስድም ያ መከላከያ ይሸፍንበታል። በዘጠኝ ወር ሲሰጥ ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉን ይይዛል። የቀሩትን ለመያዝ በ15 ወር ሁለተኛው አለ። ስለዚህ «አንዴ ወስዷል፣ ይበቃዋል» አይባልም።

ጥቁር አዝሙዱንና ማሩን አልነቀፉም። «ቤቴም አለ፣ እኔም እበላዋለሁ» አሉ። «ግን ለሰውነት ኩፍኝን አያስተምረውም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። አልፎ አልፎ በውስጡ የሚገኝ ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሠርቶ ሰውነቱን ሊያዝለው፣ ትንፋሹንም ሊያቆም ይችላል። ትልቅ ሰውን አይጎዳም፣ ሕፃንን ግን ይጎዳል።» አንዲት አሮጊት ደግሞ «ልጅ ሲያስለው እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ማስቆረጥ ነው» አሉ። ዶክተሯ «እማ፣ ድሮ ሐኪም በሌለበት ሰው የሚያውቀውን አደረገ፣ አልፈርድበትም» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ደም እየፈሰሳቸው፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዟቸው የሚመጡ ሕፃናት እንዳሉ፣ እንጥል የሳል ምክንያት እንዳልሆነ ነገሯቸው። አሮጊቷ «እኔ እኮ ስድስቱንም ልጆቼን አስቆርጫለሁ» አሉ በለሆሳስ። ዶክተሯ «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። የልጅ ልጆቹን ግን ለኔ ይስጡኝ» አሏቸው።

ለኛ የተተወው የጄላቲኑ ነገር ነበር። ኢማማችን በሚቀጥለው ጁሙዓ መለሱት። አንድ ነጀስ ነገር ጠባዩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሲሆን ሑክሙም ይለወጣል፤ ይህን በፊቅህ «ኢስቲሓላ» እንለዋለን፤ ኸምር ኮምጣጤ ሲሆን እንደሚጠራው። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት ዑለማዎችና ሐኪሞች ተሰብስበው በዚሁ መሠረት ጄላቲን ንጹሕ ነው ብለዋል። ይህን የማይቀበሉ ዑለማዎችም ሕይወት ለማዳን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የሚፈቀደውን ያውቃሉ። ኢማማችን አንድ ጥያቄም ጨመሩ፦ «ከመካከላችን ሐጅ ያደረገ አለ? የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ የሄደ ማን ነው? ለሐጃችን ክንዳችንን ሰጥተን ለልጃችን ስንሆን ለምን እንጠራጠራለን?» ካልን ዘንድ ይህንም እንጨምር፦ ኩፍኝን ከፈንጣጣ ለይቶ መጽሐፍ የጻፈው ከ1,000 ዓመት በፊት የነበረው ሐኪም አር-ራዚ ነው። መጽሐፉ «ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ» ይባላል። እኛ በመድረሳ ዓመታት ስሙን ሰምተናል፤ በሽተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ አይቶ የጻፈ ሰው መሆኑን ግን ልብ አላልነውም።

ሁሉም ሰው አመነ ብለን አንዋሽም። ከጁሙዓ ስንወጣ አንድ ሐጂ «ለስንት ተገዛችሁ?» አሉን ሰው ፊት። አንዳንዱ ከግሩፑ ወጣ። ያቺን የድምፅ መልእክት ለማጥፋት ብንሞክርም ከኛ እጅ ከወጣች በኋላ የት የት እንደደረሰች አላህ ነው የሚያውቀው። ዘመቻው በመጣ ጊዜ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በመስጂዱ ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተው ከጠዋት እስከ ዐስር ከተቡ። እኛ ስም እንጽፍ ነበር። ያቺ እናት የእህቷን ልጅ ይዛ መጣች። ሰልፉ ላይ ቆማ ለሌሎቹ ታስረዳ ነበር። እኛን ስታይ ሰላም አለችን፣ እንደ ድሮው፣ «ኡስታዝ» ብላ።

ልጇ አልሐምዱሊላህ ተረፈ። የግራ ዓይኑ ላይ ግን ነጭ ጠባሳ ቀርቷል፣ በዚያ አያይም። ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ነው። ከዐስር በኋላ ሉሑን ይዞ ይመጣል፣ ከፊት ረድፍ በስተግራ በኩል ይቀመጣል፣ ፊደሎቹን በቀኝ ዓይኑ ለማየት ሉሑን አዘንብሎ ይይዛል። ጎበዝ ነው፤ ከጓደኞቹ ቀድሞ ሱረቱል ፋቲሐን ያዘ። «ኡስታዝ፣ ትክክል ነው?» ብሎ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደኛ ያዞራል። በየቀኑ።

እናቱን አንድ ቀን አፉ እንድትለን ጠየቅናት። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ አብሽሩ» አለችን። እሷ ይህን ማለቷ የኢማኗ ጥንካሬ ነው። እኛ ግን ይህንኑ ቃል ለራሳችን ልንለው አንችልም። ቀደር የተጎዳ ሰው የሚጽናናበት ነው እንጂ ያጠፋ ሰው የሚሸሸግበት አይደለም። እሷ «አላህ የጻፈው ነው» ትላለች፤ እኛ «እኛ ያልነው ነው» እንላለን። ሁለቱም እውነት ነው፣ እያንዳንዳችን ግን የየራሳችንን ነው መያዝ ያለብን።

እናንት ወጣቶች፣ ስልክ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚሰሙት ከናንተ ስልክ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው ሳናውቅ ሰው እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት መሆኑን ታውቃላችሁ። እኛ ጸጸቱን ቀመስነው፣ ስለዚህ ማጣራቱን ለናንተ እናቅልላችሁ። ስለ ልጅ ጤና አንድ ነገር ሲመጣላችሁ፣ ተናጋሪው ስሙንና ሙያውን ተናግሯል? የሰማውን ነው ወይስ ሠርቶ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው? ለምን ያስፈራራናል፣ «ያላስተላለፈ ይጠየቃል» የሚለውስ ለምንድን ነው? ይህን የሚያውቅ ሰው በቅርባችን እያለ ጠይቀነዋል? እነዚህን ሳትመልሱ አታስተላልፉ። ካስተላለፋችሁም በኋላ ስሕተት መሆኑን ካወቃችሁ፣ በላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ ተመልሳችሁ «ተሳስተናል» በሉ። ያሳፍራል፣ እናውቀዋለን። ግን አይገድልም።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የታናሽ ወንድማችሁን ወይም የእህታችሁን ልጅ የክትባት ካርድ ጠይቁና እዩ። የዘጠኝ ወሩና የ15 ወሩ አለ? ከሌለ ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ በነፃ ነው። ኩፍኝ የመሰለ ነገር ከያዘው መስኮቱን ክፈቱ፣ ጡትና ፈሳሽ አታቋርጡበት፣ ቀኑን ሳታሳድሩ ሐኪም ያየው፤ ቫይታሚን ኤ በጊዜ ከደረሰ ዓይን ያድናል። ስትሄዱ ግን ኩፍኝ እንደጠረጠራችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሌሎች ሕፃናት መሃል እንዳይቀመጥ።

እኛም ዛሬ ስለ ልጅ ጤና የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ «አናውቅም፣ ነይ አብረን እንጠይቅ» እንላለን። የዶክተሯ ስልክ ቁጥር ከኢማማችን ቁጥር ቀጥሎ ተመዝግቧል። ስንደውልላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «እናትየዋ ምን ሰምታ ነው የፈራችው?»

ለልጁ ዱዓ አድርጉለት፤ ለኛም ዱዓ አድርጉልን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።